ለክረምት ትምህርት እንግሊዝ አገር ስትሄዱ፦ የተሳሳቱ ግምቶችና እውነታው

ለስድስት ሳምንት የክረምት ኮርስ ኦክስፎርድ ሄጄ ነበር። ከመሄዴ በፊት ዘመድ ወዳጅ ብዙ መክሮኛል፤ ከምክሩ ገሚሱ ግን ልክ አልነበረም። ዘንድሮ የምትሄዱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደኔ እንዳትደናገጡ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

«ዝናብና ብርድ ነው፣ ካፖርት ያዝ»

እኛ ክረምት የምንላቸው ሐምሌና ነሐሴ እዚያ የዓመቱ ሞቃት ወራት ናቸው። በሐምሌ አዲስ አበባ ላይ የሚጥለው ዝናብ ለንደን ላይ ከሚጥለው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሐምሌ 12 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ የአገሪቱ ሙቀት ለመጀመሪያ ጊዜ 40 ዲግሪን አልፎ 40.3 ደርሷል። ቀጭን ጃኬትና ጃንጥላ ይበቃል።

እኔን ያስቸገረኝ ብርሃኑ ነው። የደረስኩት ሰኔ ሊያልቅ ሲል ነበር። ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ ትወጣለች። የዓይን መሸፈኛ ጨርቅ ያዙ።

«ኦክስፎርድ ውስጥ የሚሰጥ ኮርስ ሁሉ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ነው»

ይህኛው ገንዘብ ያስከፍላል፤ ቤተሰብ ያለውን አሟጦ ነው ልጁን የሚልከው። ዩኒቨርሲቲው ራሱ የሚሰጣቸው የክረምት ኮርሶች አሉ። ከእነሱ ሌላ ግን የግል ድርጅቶች የኮሌጆችን ክፍል ተከራይተው የሚያስተምሩባቸው ብዙ ፕሮግራሞች አሉ። እነዚህም ጥሩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ምስክር ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ስም ግን ሌላ ነው። ሳትከፍሉ በፊት «ምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው ማን ነው?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ።

አንድ ትልቅ ግቢ አገኛለሁ ብላችሁም አትጠብቁ። ታክሲ ነጂውን «ዩኒቨርሲቲው በር ላይ አውርደኝ» ብለው «የትኛው ኮሌጅ?» አለኝ። ዩኒቨርሲቲው ከተማው ውስጥ የተበታተኑ ኮሌጆች ስብስብ ነው። መደበኛዎቹ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችም በሰኔ ወደየቤታቸው ሄደው እስከ መስከረም መጨረሻ አይመለሱም፤ አብሯችሁ የሚማረው እንደናንተ ከየአገሩ የመጣ እንግዳ ነው።

«እንግሊዝኛ ከቻልክ አትቸገርም»

ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ነው የተማርኩት። በመጀመሪያው ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስገባ ባለሱቁ «ዩ ኦልራይት?» አለኝ። ፊቴ ገርጥቶ የታመምኩ መስሎት ነው ብዬ ስለ በረራው፣ ስላልተኛሁት ሌሊት ማስረዳት ጀመርኩ። ሰውየው በትዕግሥት ሰማኝ። ለካ ሰላምታ ነው! እኛስ «እንዴት አደርክ» ስንል አዳሩን ዘርዝሮ እንዲነግረን ነው? ያንኑ ቃል መልሶ ማለት ይበቃል።

አነጋገሩም ከቦታ ቦታ ይለያያል። በሰሜኑ ክፍል ብዙ ሰው «ባስ» የምንለውን «ቡስ» ይለዋል፤ «ለቲ (ለሻይ) ና» ካላችሁም ብዙ ጊዜ የተጠራችሁት ለራት ነው። አልሰማሁም፣ ድገሙልኝ ማለት እዚያ ነውር አይደለም። እኔ ግን አፍሬ አንድ ሳምንት ሙሉ ሳይገባኝ ራሴን ስነቀንቅ ከረምኩ። ከዚያ ሳምንት ምንም አልተማርኩም።

«ጥሬ ገንዘብ ካለ ሁሉም ይገኛል»

የለንደን አውቶቡሶች ከሰኔ 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም። ካርድ ያስፈልጋል። መንገድ ስትሻገሩ ደግሞ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ተመልከቱ፤ መኪናው የሚሄደው በግራ ነው።

«የጾም ምግብ የለም»

ፍልሰታ ነሐሴ 1 ቀን ስለሚገባ ብዙዎቻችሁን እዚያው ያገኛችኋል። «ቬጀቴሪያን» የሚለው ጽሑፍ አያታላችሁ፤ ወተት፣ አይብና እንቁላል ሊኖርበት ይችላል። ለጾም የሚሆነው «ቪጋን» የተባለው ነው፤ በየሱቁ ሞልቷል። ለወጥ ቤቱ በጊዜ ንገሩ። እኔ የነገርኳት ሴትዮ ስለ ጾሙ በጥሞና ጠየቀችኝ፤ ከማግስቱ ጀምሮ እስክመለስ ድረስ በየምሳው የምስር ሾርባ ለብቻው እያስቀመጠች ትጠብቀኝ ነበር።