ባህልን ያገናዘበ የትምህርት ቤት አመራር እና ከሌላ አገር የመጡ ተማሪዎች

ባህልን ያገናዘበ የትምህርት ቤት አመራር ማለት ርዕሰ መምህሩና ባልደረቦቹ የተማሪዎቻቸውን ቋንቋ፣ እምነትና የቤተሰብ ልማድ ለትምህርት የሚጠቅም ሀብት አድርገው የሚሠሩበት አመራር ነው። ጥቅሙ ይበልጥ የሚታየው ከሌላ አገር የመጡ ልጆችና ቤተሰቦቻቸው በሚበዙበት ትምህርት ቤት ነው።

ሐሳቡ የተጀመረው በአሜሪካ ሲሆን መነሻውም የክፍል ውስጥ ማስተማር ነበር። የትምህርት ተመራማሪዎቹ ግሎሪያ ላድሰን ቢሊንግስ በ1995 እ.ኤ.አ.፣ ጄኒቫ ጌይ ደግሞ በ2000 ትምህርት ከተማሪው ባህል ጋር እንዴት እንደሚዛመድ ጻፉ። በ2016 ሙሐመድ ከሊፋ፣ ማርክ ጉደንና ጄምስ ዴቪስ ስለ አመራር የተጻፉ ጥናቶችን መርምረው አራት ተግባራትን ለዩ፤ መሪው ራሱን በጥሞና መመርመሩ፣ መምህራንን ማብቃቱ፣ ሁሉን የሚያቅፍ የትምህርት ቤት ድባብ መፍጠሩ፣ ከተማሪዎች፣ ከወላጆችና ከማኅበረሰቡ ጋር አብሮ መሥራቱ ናቸው።

ሕጉም ለዚህ መሠረት ይሰጣል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1974 ከሳን ፍራንሲስኮ በመጣ ክስ ላይ፣ እንግሊዝኛ ለማያውቁ ቻይንኛ ተናጋሪ ልጆች ከሌሎቹ ጋር አንድ ዓይነት መጽሐፍና መምህር መስጠት ብቻ እኩልነት አይሆንም ብሏል። በ1982 ደግሞ ይኸው ፍርድ ቤት የቴክሳስ ግዛት ሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ልጆች ከነጻ የመንግሥት ትምህርት እንዳታገልል ወሰነ። ስለዚህ በምዝገባ ቢሮ የሚጠየቀው ወረቀትና የጸሐፊዋ አነጋገር የርዕሰ መምህሩ ኃላፊነት ነው። አንድ የማያስፈልግ ጥያቄ የፈራ ቤተሰብን ከበር ይመልሳል።

ከሁሉ በላይ ትዕግሥት የሚጠይቀው የቋንቋ ጉዳይ ነው። በካናዳ ያጠናው ጂም ከሚንስ እንዳሳየው፣ ልጆች የዕለት ተዕለት ንግግርን በሁለት ዓመት ገደማ ሊለምዱት ይችላሉ፤ ለትምህርት የሚያስፈልገውን ቋንቋ በእኩዮቻቸው ደረጃ ለመያዝ ግን ብዙውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይፈልጋሉ። በጨዋታ ሜዳ አቀላጥፎ የሚያወራ ልጅ በሳይንስ ፈተና ሲወድቅ ሰነፍ ወይም የመማር ችግር ያለበት ተብሎ የሚፈረጀው ይህ ልዩነት ሲዘነጋ ነው። ድጋፉ በቶሎ እንዳይቋረጥ፣ ልጁም በመጀመሪያ ቋንቋው እንዲመዘን ማድረግ የሚችለው በጀትና የክፍለ ጊዜ ድልድል በእጁ ያለ መሪ ነው።

ወላጆችን በተመለከተ ብዙ ትምህርት ቤቶች ዝምታቸውን በግዴለሽነት ይተረጉሙታል። ይህ ትልቅ በደል ነው። መምህርን መጠየቅ እንደ ድፍረት በሚቆጠርበት፣ ወላጅም የሚጠራው ልጁ ሲያጠፋ ብቻ በሆነበት አካባቢ ያደገ ሰው ዝም የሚለው በአክብሮት ነው። ሌላው ወላጅ የፈረቃ ሠራተኛ ስለሆነ የቀን ስብሰባ ሊገኝ አይችልም። ልጁን አስተርጓሚ ማድረግ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ስህተት ይመስለኛል፤ ልጅ ስለ ራሱ ጥፋት ወይም ስለ ወላጁ ሕመም መሸከም የሌለበትን ወሬ ተሸካሚ ይሆናል፣ የወላጁ ክብርም ይነካል። የሠለጠነ አስተርጓሚ ያስፈልጋል፤ ደብዳቤዎችም ቤተሰቡ በሚያነበው ቋንቋ፣ ማንበብ ለማይችል ደግሞ በስልክ መድረስ አለባቸው።

በአሪዞና ቱሳን ከተማ ሉዊስ ሞልና ባልደረቦቹ ከመምህራን ጋር ሆነው በአብዛኛው ሜክሲኳዊ ዝርያ ያላቸውን ቤተሰቦች በየቤታቸው እየጎበኙ አጥንተው ነበር። ውጤቱ በ1992 ሲታተም ቤተሰቦቹ የእርሻ፣ የግንባታ፣ የንግድና የባህል ሕክምና ሰፊ ዕውቀት እንዳላቸው አሳየ፤ መምህራኑም ይህን ዕውቀት ለክፍል ትምህርት ተጠቀሙበት።

በዓመት አንድ ቀን የባህል ልብስና ምግብ ማሳየት በራሱ ጥሩ ነው፤ የቅጣት መዝገቡ፣ ሥርዓተ ትምህርቱና የመምህራን ቅጥር ግን ሳይነኩ ከቀሩ የልጆቹ ኑሮ አይለወጥም። ሌላው ሥጋት ሥራው በአንድ ሰው ትጋት ላይ መንጠልጠሉ ነው። ያ ሰው ሲዛወር እንዳይቋረጥ የአስተርጓሚ ክፍያ በቋሚ በጀት ውስጥ ይያዛል፣ የቤት ለቤት ጉብኝት በመምህራን የሥራ ሰዓት ይካተታል፣ ከሌላ አገር የመጡ ወላጆችም ድምፅ ባለው መቀመጫ በትምህርት ቤቱ ምክር ቤት ይወከላሉ።