ዋሳች ፍሮንት ምንድን ነው? (በረሃ ግን አይደለም)

በየዓመቱ ጁላይ 24፣ የዩታ አቅኚዎች በዓል ሲደርስ አንዱ ተነስቶ ይጽፈዋል። «ሞርሞኖች ምንም የማይበቅልበትን የዋሳች ፍሮንት በረሃ በጸሎትና በላብ ገነት አደረጉት። እኛ ምን አነሰን?» ዘንድሮም ተጻፈ። ላይኩ ጎረፈ።

(ሞርሞኖች በ1847 ዩታ የሰፈሩ የአሜሪካ ሃይማኖተኞች ናቸው።) ወዳጄ፣ ላብ መፍሰሱን አልክድም። ጸሎቱም የእነሱ ነው፣ አያገባኝም። እኔ የተጣላሁት «በረሃ» ከሚለው ቃል ጋር ነው።

ዋሳች በአሜሪካ ዩታ ግዛት ውስጥ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ የተራራ ሰንሰለት ነው። ፍሮንት የሚባለው በምዕራብ በኩል ከሥሩ ያለው ጠባብ ሜዳ ነው፤ ኦግደን፣ ሶልት ሌክ ሲቲና ፕሮቮ የተደረደሩበት። «የዋሳች ግንባር» ብሎ የተረጎመም አይቻለሁ። ጦርነት የለም፣ ተረጋጉ። ሜዳው ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ከአናቱ የሚታዩት ጫፎች ከ3,300 ሜትር ያልፋሉ። ምድሩ ተሰንጥቆ ተራራው እንደ ግድግዳ ስለወጣ ከፓሲፊክ የሚመጣው እርጥብ አየር እዚያ ሲደርስ ሽቅብ ይገፋል፣ ይቀዘቅዛል፣ የያዘውን ያራግፋል።

ሶልት ሌክ ሲቲ በዓመት ከሰማይ የምታገኘው ውሃ 400 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ይህን ብቻ ያየ ሰው «ደረቅ ነው» ቢል አልፈርድበትም። ከበላይዋ ተራራው ውስጥ ባለው የበረዶ መንሸራተቻ ቦታ፣ አልታ ላይ ግን በዓመት ከ12 ሜትር በላይ በረዶ ይወርዳል። (ሙያዬ ዝም አያሰኘኝም፦ 12 ሜትር በረዶ 12 ሜትር ውሃ አይደለም። ቢቀልጥ አንድ ሜትር ገደማ ነው። ደግሞ በረዶ ስል ጣሪያ የሚደበድበውን አይደለም፤ እንደ ጥጥ ብናኝ የሚወርደውን ነው።)

ተራራውን እንደ እቁብ ዳኛ አስቡት። ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ይሰበስባል፣ ለማንም አይሰጥም። ከሜይ ጀምሮ ይከፍላል። ያ ደግሞ ሰማዩ ጥርት የሚልበት፣ ስንዴው ውሃ የሚጠማበት ጊዜ ነው። ወንዞቹ ከየሸለቆው አፍ ወጥተው ሜዳው ደጃፍ ድረስ ይመጣሉ፤ ገበሬው ይጠልፋል። ምሳሌዬ አንካሳ እንደሆነ አውቃለሁ። እቁብተኞቹ ሰባራ ሳንቲም አያዋጡም፤ የሚያዋጣው ፓሲፊክ ነው። ዳኛውም አንዳንዴ ያብዳል። በ1983 ሁሉንም ባንዴ ከፈለና የሶልት ሌክ ሲቲ ስቴት ጎዳና ወንዝ ሆነ። ሰው በአሸዋ ከረጢት ገድቦ፣ ድልድይ ሠርቶ ተሻገረው።

አሁን ወደ 1847 እንመለስ። ከመጡት ሞርሞኖች አንዱ የነበረው ጸሐፊ ቶማስ ቡሎክ በማስታወሻው ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሣር መዝግቧል። የትኛው በረሃ ነው እንዲህ ያለ ሣር ያለው? ጁላይ 23 ማረስ ሲጀምሩ አፈሩ ደረቅ ነበርና ሲቲ ክሪክ የተባለውን ወንዝ ገድበው መሬቱን አራሱት። መሪያቸው ብሪገም ያንግ የደረሰው በማግስቱ ነው። በዓሉ የሚከበረውም እሱ በደረሰበት ቀን ነው። ውሃ የጠለፈ ሰው በዓል የለውም።

ባዶም አልነበረም። የዩት፣ የሾሾኒና የጎሹት ሕዝቦች ያደኑበት፣ ዓሣ ያጠመዱበት አገር ነው።

«በረሃው» የመጣው ኋላ፣ ከስብከቱ ጋር ነው። ኢሳይያስ ምዕራፍ 35 በረሃው እንደ ጽጌረዳ ያብባል ይላል፤ ትንቢቱ እንዲሞላ መጀመሪያ በረሃ ያስፈልጋል። ልጅ ሲወለድ፣ ታሪኩ ሲደጋገም ሣሩ ከትረካው ወጣ።

ነገሩ የትጋት ብቻ ቢሆን ኖሮ በ1876 አሪዞና፣ ሊትል ኮሎራዶ ወንዝ ላይ የሰፈሩትም ይሳካላቸው ነበር። ያው ሃይማኖት፣ ያው ዶማ፣ ያው ጸሎት። ወንዙ ግን የተለየ ነው፤ ይደርቃል፣ ከዚያ ድንገት ይሞላል። ግድባቸውን እየደጋገመ ጠረገው። ከመጀመሪያዎቹ አራት ሰፈሮች ዛሬ ያለው ጆሴፍ ሲቲ ብቻ ነው። ይህን ለምን ማንም አይጽፈውም?

ስለ ልማቱ ከተወራ ደግሞ ሙሉው ይወራ። የተራራውን ሣር ከብትና በግ ጋጠው። በ1923 እና በ1930 ከሶልት ሌክ ሲቲ በስተሰሜን ዶፍ ሲጥል ከተራቆተው ተዳፋት ጭቃና ቋጥኝ ወርዶ መንደሮች ላይ አረፈ። ከዚያ በኋላ ተራራው ላይ እርከን ተሠራ። የአቅኚዎቹ ቅርስ የሚባለው ውስጥ ይኸም አለበት።

የእቁቡ የመጨረሻ ዕጣ የሚደርሰው ከከተማዋ አጠገብ ላለው ታላቁ ጨው ሐይቅ (ግሬት ሶልት ሌክ) ነው። ውሃው ወደ ባሕር መውጫ የለውም፤ ከእርሻና ከከተማ የተረፈው እዚያ ይጠራቀማል፣ ይተናል። የሐይቁ ከፍታ ልኬት የሚጀምረው ሞርሞኖቹ በደረሱበት ዓመት፣ በ1847 ነው። ከዚያ ወዲህ ዝቅተኛው የተመዘገበው በኖቬምበር 2022 ነው።