«የትም የለም» የምንላቸው ምግቦች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር ላይ ስለ ምግብ ወሬ ከተነሣ «ይህማ ከእኛ ሌላ የትም የለም» የሚል አይጠፋም። ጎንደሬ በማዕዱ ቢኮራ አይፈረድበትም፤ ኩራቱ ያለ ቦታው የሚወድቅበት ጊዜ ግን ብዙ ነው። (ዓመታቱ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

«እንጀራ የሚበላው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው»

ኤርትራውያን ዕለት ተዕለት ይበሉታል፤ ጣይታ ይሉታል። ሶማሌዎች ካንጄሮ፣ የመኖች ላሆህ የሚሉት፣ ሊጡ ቦክቶ በአንድ ወገን ብቻ የሚጋገር ዓይናማ እንጀራ አላቸው። ከሁሉም የሚቀርበን ደግሞ ሱዳን ነው፤ መተማን ተሻግሮ ገላባት የገባ ሰው ከቦካ የማሽላ ሊጥ የሚጋገረውን ስስ ኪስራ ያገኛል። በእርግጥም የዚህ ምድር ልጅ የሆነው ጤፉ ነው፤ የተላመደው በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ነው። እሱም ቢሆን ዛሬ በአሜሪካዋ አይዳሆና በኔዘርላንድ ይዘራል። እንዲያውም አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በ2007 በጤፍ ዱቄት ላይ የአውሮፓ የፈጠራ ባለቤትነት መብት እስከ ማግኘት ደርሶ ነበር፤ በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት በኔዘርላንድ ውድቅ አደረገው።

«ቀይ ወጥ ከአክሱም ዘመን ጀምሮ ነበር»

ሊሆን አይችልም። ኮሎምበስ በ1492 ውቅያኖስ ከመሻገሩ በፊት በርበሬ ከአሜሪካ ምድር ውጭ አይታወቅም ነበር። አፄ ፋሲለደስ ጎንደርን በ1636 ሲቆረቁሩ እንኳ ከዚያ ከወጣ መቶ ሃምሳ ዓመት አልሞላውም። ኮረሪማው ግን የአገር ልጅ ነው። በጾም ቀን የማይለየን ድንችማ የትናንት እንግዳ ነው፤ ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር በ1858 ያመጣው ነው።

«በሶ የሐበሻ ብቻ ስንቅ ነው»

ከሁሉም የምወደው ስሕተት ይህ ነው። የዳባትና የደባርቅ ገብስ ተቆልቶ ይፈጫል፤ ዱቄቱን ጨው በሟሟበት ውሃ ጠብ ጠብ እያደረጉ በጣት ማሸት ነው። ሲጨብጡት የጣት ምልክት ከያዘ ደርሷል። ቲቤቶችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ጻምፓ ይሉታል፤ የሚያሹት ግን በውሃ ሳይሆን ቅቤ በገባበት ሻይ ነው። የካናሪ ደሴቶች ሰዎችም ከተቆላ እህል ዱቄት ጎፊዮ ያዘጋጃሉ። ነገሩ መኮራረጅ አይመስለኝም። የሰሜን ተራሮች አገርም ቲቤትም ገብስ የሚወዳቸው ብርዳማ ደጋዎች ናቸው፤ ተቆልቶ የተፈጨ እህል ደግሞ ቶሎ አይበላሽም፤ መንገደኛውም እሳት ማንደድ አያስፈልገውም።

«ገንፎስ?»

የዐረቦቹ አሲዳም መሐሉ ጎድጎድ ተደርጎ ቅቤ ይገባበታል፤ ሊቢያ ውስጥም ልጅ ሲወለድ ይቀርባል።

«እንግዲያው የእኛ ብቻ የሚባል ነገር የለም»

ይህም ሌላ ስሕተት ነው። የዱር እንሰት በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ይበቅላል፤ ለምግብነት ተተክሎ፣ ተፍቆ፣ ጉድጓድ ውስጥ ቦክቶ ቆጮና ቡላ የሚሆነው ግን ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ሚሊዮኖች የሚኖሩበት ይህ ተክል በብዙ የጎንደር ቤቶች የሚታወቀው በቅጠሉ ነው፤ ድፎ ዳቦ ሲደፋ ኮባው ከሥርና ከላይ ይለብሳል፤ ዳቦው ሲወጣም ተልጦ ይጣላል። በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ግን ከጣና በስተደቡብ ባለው አገር እንሰት ዋና ምግብ እንደነበር ጽፏል።