የኮሌጅ ደረጃና “የተጣራ ዋጋ”
የአሜሪካ ኮሌጆች ደረጃ ሲወጣ ብዙ ወላጅ ዓይኑ ቁጥሩ ላይ ያርፋል። ደረጃ ከሚያወጡት አንዱ የሆነው ዩኤስ ኒውስ የተባለው የአሜሪካ መገናኛ ብዙኃን ለዩኒቨርሲቲዎች ከሚሰጠው ነጥብ 20 በመቶው ግን የኮሌጅ ኃላፊዎች ስለሌሎች ኮሌጆች የሚሰጡት አስተያየት ነው። ይህ ዝናን እንጂ ማስተማርን አይለካም። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በ2022 እ.ኤ.አ. ከ2ኛ ወደ 18ኛ የወረደው ትምህርቱ በአንድ ዓመት ተበላሽቶ አይደለም። የላከው መረጃ ስህተት እንዳለበት የራሱ የሒሳብ ፕሮፌሰር ስላጋለጠ ነው።

ዋጋውስ? የተለጠፈውን ክፍያ ሁሉም ሰው አይከፍለውም። ከትምህርት፣ ከመኖሪያና ከመጽሐፍ ወጪ ላይ ስኮላርሺፕና የማይመለስ እርዳታ ሲቀነስ የሚቀረው “የተጣራ ዋጋ” ይባላል። እኔ ብሆን ከደረጃው በፊት እሱን ነው የማየው። “ኮሌጅ ስኮርካርድ” የተባለው የአሜሪካ መንግሥት ድረ ገጽ ይህን ዋጋ በቤተሰብ ገቢ ከፋፍሎ በነፃ ያሳያል። ብድርን ግን እንደ ቅናሽ እንዳትቆጥሩት፤ ከነወለዱ ይከፈላል።