በጅማ የሚሰሙ ሃይማኖታዊ ቃላት፦ ምንጫቸውና በቅዱሳት መጻሕፍት ያላቸው ስፍራ

ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ጅማ የአዛንና የቅዳሴ ድምፅ በአንድ ማለዳ ይሰማል። በጊቤ ነገሥታት ዘመን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ እስልምና የቤተ መንግሥቱ ሃይማኖት በሆነባት በዚህች አገር ሙስሊሙ፣ ኦርቶዶክሱና ፕሮቴስታንቱ በገበያም በለቅሶም አብረው ስለሚውሉ፣ የአንዱ ሃይማኖታዊ ቃል ለሌላው ጆሮ ባዕድ አይደለም። ብዙዎቹ ቃላት በእርግጥም ዘመዳሞች ናቸው።

«ጸሎት» እና «ሶላት» ሁለቱም በብዙ የቋንቋ ሊቃውንት ዘንድ ወደ አራማይኩ «ጽሎታ» ይመለሳሉ። የግእዙ «ታቦት» በቁርኣን «ታቡት» ተብሎ በ2፥248 ይገኛል። የክርስቶስን ደቀ መዛሙርት የሚጠራበት «ሐዋሪዩን» የተሰኘው የቁርኣን ቃልም (3፥52) ከግእዙ «ሐዋርያ» እንደተወሰደ በሰፊው ይታመናል። «መስጊድ» ራሱ በቁርኣን ተደጋግሞ የተጠቀሰ ሲሆን፣ ሥሩ በአማርኛ «ሰገደ» የምንለው ነው።

ነገሩ የሚገርመው ሃይማኖቶቹን አጥብቀው የሚለዩት ስያሜዎች ዘንድ ሲደረስ ነው። «ሥላሴ» ከግእዙ የሦስት ቁጥር የወጣ ሲሆን፣ በመጽሐፍ ቅዱስ አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስ በአንድነት ቢጠሩም (ማቴ. 28፥19) ስያሜው ራሱ አይገኝም፤ የግሪኩን «ትሪያስ» የአንጾኪያው ቴዎፍሎስ በ180 ዓ.ም. ገደማ፣ የላቲኑን «ትሪኒታስ» ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊው ጠርጡልያኖስ ጥቂት ቆይቶ ጽፈውታል። የክርስቶስን መለኮትና ሥጋ አንድ መሆን የሚገልጸው «ተዋሕዶ»ም የትምህርት ስም ሆኖ የጸናው ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ከተወያየው ከ451ዱ የኬልቄዶን የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ጋር በተያያዘ ክርክር ነው እንጂ ከወንጌል ገጽ አይደለም፤ ወንጌሉ የሚለው «ቃልም ሥጋ ሆነ» ነው። በሌላ በኩል የእስልምና የእምነት ማዕዘን የሆነው «ተውሒድ»፣ ማለትም የአላህ አንድነት፣ በቁርኣን ውስጥ በዚህ መልኩ አልተጻፈም፤ የተጻፉት «አሐድ» (112፥1) እና «ዋሒድ» ናቸው። ስለዚህ «ተዋሕዶ» እና «ተውሒድ»፣ አንድነትን ከሚያመለክት አንድ ሴማዊ ሥር ወጥተው የተለያየ ትምህርት የሚያመለክቱ፣ ከመጻሕፍቱ በኋላ በሊቃውንት የጸኑ ስያሜዎች ናቸው። ስያሜው በመጽሐፉ አለመኖሩ ግን ትምህርቱ የለም ማለት አለመሆኑን ሁለቱም ወገኖች ይከራከሩበታል፤ ክርክሩም የነገረ መለኮት እንጂ የመዝገበ ቃላት አይደለም።

«በመጽሐፉ አለ» የሚለው አነጋገርም ጥንቃቄ ይሻል። ቁርኣን በዐረብኛው ሲጠቀስ፣ አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብ ሰው ግን የሚያየው የተርጓሚውን ምርጫ ነው። «ሃይማኖት»፣ እርሱም ከአራማይክ የመጣ፣ በይሁዳ መልእክት 3 የግሪኩን «ፒስቲስ» ተክቶ ይገኛል፤ ይኸው ግሪክኛ በዕብራውያን 11፥1 «እምነት» ተብሎ ተተርጉሟል። «ክርስቲያን» የሚለው ስም ደግሞ በመላው አዲስ ኪዳን ሦስት ጊዜ ብቻ ተጽፏል። በከተማው «ጴንጤ» የሚባለው የአፍ ስም፣ መነሻው የግሪኩ «ኀምሳኛ» ሆኖ በዓሉ በሐዋ. 2፥1 ቢጠቀስም፣ ለአማኞች መጠሪያ የሆነው በቅርብ ዘመን ነው፤ መጀመሪያም የማንቋሸሻ ቃና ነበረው።

ለፈጣሪ በሚሰጠው ስም የጅማ ኦሮሞ ሁለት መንገድ ይዟል። «ዋቃ» ሰማይንም አምላክንም የሚያመለክት ጥንታዊ ቃል ሲሆን፣ ኦነሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1899 ባሳተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የአምላክ ስም ሆኖ ገብቷል። በሙስሊሙ ዘንድ የሚዘወተረው «ረቢ» ግን «ጌታ» ከሚለው ከዐረብኛው «ረብ» የተገኘ ነው፤ «ረብ» በቁርኣን ገና ከመጀመሪያው ሱራ ይገኛል።