«ኢንተራፕት ሌተንሲ» ሲባል የቱ መዘግየት ነው?

ደብረ ብርሃን፣ በዚያ ብርድ፣ እንግዳ በር አንኳኳ እንበል። እናት ምጣድ ላይ ሊጥ እያዞሩ ነው። አክምባሎውን ሳይከድኑ አይነሱም። ከተንኳኳበት ቅጽበት «ማነው?» እስኪባል ያለው ጊዜ ኢንተራፕት ሌተንሲ ነው። በኮምፒውተር ማንኳኳቱ ኢንተራፕት ይባላል፤ አንኳኪው ታይመር ወይም ኔትወርክ ካርድ ነው፤ መላሹ ደግሞ የከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ሃንድለር፣ ማለትም ጥሪውን የሚያስተናግደው ኮድ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እንግዳው ገብቶ እስኪቀመጥ ያለው ጊዜ ሌላ ነው። ይህኛው፣ ኢንተራፕቱን ሲጠብቅ የነበረው ፕሮግራም ተቀስቅሶ ፕሮሰሰሩን እስኪያገኝ ያለውንም ይጨምራል። በሊኑክስ ሳይክሊክቴስት የተባለው መለኪያ ፕሮግራም የሚያሳየው ይህን ድምር ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ስላለ ብቻ ኢንተራፕቱን መውቀስ ልክ አይደለም።

አማካዩን ተዉት፤ ትልቁን ቁጥር እዩ። ሺህ ጊዜ በ10 ማይክሮሰከንድ መልሶ አንዴ 5 ሚሊሰከንድ የሚቆይ ሲስተም፣ ፈጣን ሞተር ለሚቆጣጠር ሰው አይሆንም። ስትለኩም ማሽኑን ሥራ አስይዙት። ሥራ የፈታ ማሽን ብዙ ችግር ይደብቃል።

ምክንያቱን ለማግኘት መጀመሪያ የኤፍትሬስን (ሊኑክስ ውስጥ ያለ የከርነል መከታተያ) «አይአርኪውስኦፍ» (irqsoff) ትሬሰር አብሩ። ከርነሉ ኢንተራፕት ዘግቶ ረጅሙን ጊዜ የቆየበትን ቦታ ያሳያል፤ ምጣዱን ማለት ነው። ከርነሉ ሲገነባ ካልተካተተ ግን የትሬሰሮቹ ዝርዝር ውስጥ አታገኙትም። እዚያ ምንም ካልታየ «ኤችደብሊውላት» (hwlat) የተባለውን ሌላ ትሬሰር ሞክሩ። አንዳንዴ ፈርምዌሩ (ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ሶፍትዌር) ፕሮሰሰሩን ለራሱ ሥራ ይወስደዋል፤ ያኔ ከርነሉ ምንም አያውቅም።