ተጭኖ የሚጠበስ ሳንዱች በቤት ዳቦ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ዳቦው ከምጣድ እንደወረደ፣ በትኩሱ!»
ለቡና ቁርስ ከሆነ ማን ይጠላል! ለሳንዱች ግን አይሆንም። የትኩስ ዳቦ ውስጡ ገና እርጥብ ስለሆነ ሲጫኑት ተድጦ ሊጥ ይመስላል። ድፎው በጨርቅ ተሸፍኖ ይደር፤ በማግስቱ ኮባውን አንስታችሁ በ1.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቁረጡት።

«ሊጡ 2 ሰዓት ከቆየ ደርሷል»
ሰዓቱን ሳይሆን ሊጡን እዩ። ለ500 ግራም የስንዴ ዱቄት 320 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 10 ግራም ጨውና 5 ግራም ደረቅ እርሾ ይበቃል። ይኸው ሊጥ ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ፈጥኖ ኩፍ ይላል፤ ደሴ ላይ ብርዱ ያዘገየዋል። ግን ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ሊጡ ምድጃ ዳር ከተቀመጠ ሳይታሰብ ያልፍበታል። ያለፈበት ሊጥ ዳቦው ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆንና ቺዙ በዚያ ይፈሳል። እጥፍ ሲሆን ጋግሩት። የደጋ ገብስ መቀላቀል የሚወድ ከዱቄቱ ሩብ አይለፍ፤ ገብስ እንደ ስንዴ ስለማይያያዝ ሲጫን ይፈረፈራል።

«አይብም ቺዝ ነው፣ ይቀልጣል»
አይቀልጥም። አይብ በኮምጣጣ አሬራና በሙቀት የረጋ ነው፤ እንደገና ሲሞቅ ውሃውን ለቆ ይደርቃል እንጂ አይሳብም። በጨርቅ አጥልላችሁ፣ ቃሪያ ከትፋችሁበት፣ ጨው ነስንሳችሁ ብትሞሉት ግን ከብዙ ቺዝ ይበልጣል። መሳቡን የሚፈልግ የሚቀልጥ ቺዝ ይደርብበት።

«ማሽን ከሌለ አይሞከርም»
ወፍራም መጥበሻና ታቹ የታጠበ፣ 2 ሊትር ውሃ የያዘ ድስት ይበቃል። ከዚህ በላይ ሸክም ዳቦውን ያደቀዋል፣ መሙያውንም በጎን ያስወጣል።

«እሳቱ ሲበረታ ቶሎ ይደርሳል»
ቶሎ የሚያርረው ውጩ ነው፤ ውስጡ ቀዝቃዛ ይቀራል። ለዘብ ባለ እሳት እያንዳንዱን ገጽ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ጥበሱ። ቅቤው መጥበሻው ላይ ሳይሆን ዳቦው ላይ በስሱ ይቀባ፣ ንጥር ቢሆን ይመረጣል፤ ለጋው ውስጥ ያለው የወተት ቅሪት ያርራል። በጾም ዘይት ይተካዋል።

ቲማቲም ተቆርጦ፣ ጨው ተነስንሶበት 10 ደቂቃ ውሃው ይንጠፍ። አቮካዶ እሳት ላይ ሲቆይ ስለሚመር ዳቦው ከወረደ በኋላ ይግባ። የወረደውን ሳንዱች ሳህን ላይ አታስተኙት፤ በእንፋሎቱ ታቹ ይረጥባል። ወንፊት ላይ 2 ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ ይቆረጥ።